የጫካው ሰሌዳ

የሰደበችኝ ቬርላ ኤቲየን ናት። ቀኑ አምና የካርኒቫል ማግስት፣ ረቡዕ፤ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሁለት ከሩብ፤ ቦታው የደሴታችን ዋና ከተማ የሮዞ ወደብ፣ የባሕር ለውዙ ዛፍ ሥር። ግንባሯ ላይ ከቤተ ክርስቲያን የተቀባችው አመድ ገና አልጠፋም ነበር። አሥራ አንድ ሹፌር ቆሞ ነበር፤ የሁሉንም ስም መጥራት እችላለሁ። «ኦክታቭ እኮ ወፍ አያሳይም፤ ኦክታቭ የሚያሳየው ቅጠል ነው» አለች። ሳቁ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ባልደረባዬ ሊስተን ነው፤ አፉ ውስጥ ያለው ቂጣ እስኪታይ።

ዛሬ ብትጠየቅ አላስታውስም ትላለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የተባለው ለዚህ ነው።

ቬርላ የወደቡ ሹፌሮች ማኅበር ተቆጣጣሪ ናት። መርከብ ሲገባ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ጠመኔዋን ይዛ፣ ከዛፉ ሥር ትቆማለች። እዚያ ሦስት ሰሌዳ አለ። አንዱ የኤሊ ነው፤ ባሕር ገብቶ ኤሊ ማየት። አንዱ የወንዝ ነው፤ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ዛፍ ላይ የሚተኙትን ትልልቅ እንሽላሊቶችና ሸርጣን ማየት። ሦስተኛው የጫካ ነው፤ በቀቀን። የጫካው ሰሌዳ ላይ አራት ስም አለ። አንዱ የኔ ነበር፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ።

ሕጉ ቀላል ነው። ሹፌር ከሰሌዳው ጀርባ ይቆማል፤ አይጣራም፣ እጅ አይጎትትም። እንግዳው ራሱ መጥቶ እንደምን አደራችሁ እስኪል ዝም ነው። ሲመለሱ ደግሞ ሹፌሩ ያየውን እንስሳ በገዛ አፉ፣ ሰው በሰማበት ይናገራል፤ ቬርላ በስሙ ትይዩ ትጽፋለች። የሚቀጥለው መርከብ ሰው ያንን አይቶ ይመርጣል። እንግዳው የተናገረው አይጻፍም፤ እንግዳ ዶሮም ቢያይ በቀቀን ነው ይላልና። ሹፌሩ ዝም ካለ ትይዩው ባዶ ይሆናል።

እኛ ዘንድ በቀቀን ሁለት ዓይነት ነው። ትልቁ ሲሰሩ ይባላል፤ ደረቱ ወይን ጠጅ ነው፤ ባንዲራችን ላይ ያለው እሱ ነው። ትንሹ ጃኮ ነው፤ ጉሮሮው ላይ ቀይ አለው፤ ጯሂ ነው፣ ሌባ ነው፣ ብዙ ነው። ከትልቁ አውሎ ነፋስ ወዲህ ሲሰሩን ማየት ዕድል ይጠይቃል። ሰሌዳው ላይ ግን ሲሰሩ በየቀኑ ይታያል። ሦስቱ የጫካ ሹፌሮች ጃኮ ያያሉ፣ ሲሰሩ ይላሉ፣ ቬርላ ትጽፋለች፣ እንግዳው ደስ ብሎት ወደ መርከቡ ይገባል። በዚህ የሞተ ሰው የለም። እኔ ጃኮ ካየሁ ጃኮ እላለሁ፤ ምንም ካላየሁ ምንም አላየሁም እላለሁ። ስለዚህ ስድስት ሳምንት ሙሉ ከስሜ አጠገብ ሲሰሩ የሚል አልተጻፈም፤ ከስድስቱ ሳምንት ሁለቱን ደግሞ ወደ እኔ ሰሌዳ የመጣ ሰው አልነበረም።

ዘንድሮ፣ ሰኞ ቀን፣ ገና መርከቡ ገመድ ሳይጥል ቬርላ ጠራችኝ።

«እንደምን አደርክ ኦክታቭ።»

«እንደምን አደርሽ ሚስ ቬርላ።»

«ኮሚቴው ትናንት ተሰብስቦ ነበር።»

«እኔ ሳልጠራ?»

«ስለ አንተ ስለሆነ ነው ያልተጠራኸው። ስማኝ፤ ዛሬ ሲሰሩ ካልተጻፈልህ ከነገ ጀምሮ ከጫካው ሰሌዳ ትወርዳለህ። የባሕር ዳርቻውን መኪና ትይዛለህ።»

የባሕር ዳርቻው መኪና ማለት ጃንጥላና የፕላስቲክ ወንበር ጭኖ አሥራ አምስት ደቂቃ መሄድ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ መመለስ ነው፤ እንደገና መሄድ፣ እንደገና መመለስ። ሰዎቹ ከነእርጥበታቸው ይቀመጡብሃል። ማታ አሸዋ ስትጠርግ ታመሻለህ። ያንን የሚይዘው መንጃ ፈቃድ ካወጣ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። እኔ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው።

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንድ ቃል እኮ ነው። በላት፣ ልጻፍልህ። ምንህ ይጎድላል?»

«ካየሁ እላለሁ።»

«እንግዲያው እግዜር ያሳይህ» አለችና ፊሽካዋን ነፋች።

በሦስት ሰዓት የወደቡ ድንጋይ ግሎ ጫማ ያለውን ሰው ሳይቀር ያዘልላል። ሰዎቹ ከመርከቡ ሲወርዱ መጀመሪያ የሚፈልጉት እንስሳ አይደለም፣ ጥላ ነው። ዛፉ ሥር የቆምነውም ለዚህ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች እየተጨቃጨቁ መጡ። ወንድምና እህት መሆናቸውን ያወቅሁት በጭቅጭቃቸው ነው፤ ባልና ሚስት እዚያ ዕድሜ ሲደርሱ ይደክማቸዋል። እሷ ዶሪን ትባላለች፣ ጡረታ የወጣች ነርስ፤ አንገቷ ላይ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር፣ እጇ ላይ ትንሽ ደብተር ይዛለች። እሱ ግሬም ይባላል፤ ፊቱ እንደ ተቀቀለ ሸርጣን ቀልቷል።

«ከሦስቱ ጥላ ያለው የትኛው ነው?» አለ ግሬም።

ማንም አልመለሰለትም። ሊስተን ጥፍሩን አየ። እኔ ባሕሩን አየሁ።

«እንደምን አደራችሁ» አለች ዶሪን።

ሁላችንም ባንድ አፍ «እንደምን አደሩ» አልን።

«ለኔስ ለምንድን ነው የማይመልሱልኝ?»

«ሰላም አላልካቸውማ።»

«በዚህ ሙቀት ምን ሰላም አለ?»

አፉን ከከፈተ ሊስተንን የሚቀድመው የለም። «እመቤቴ፣ ኤሊ! ኤሊ ማለት ጎረቤቴ ነው። እግርዎን ውኃ ውስጥ ገና ሲያስገቡ ከች ይላል። ካልመጣ ስሜን ይቀይሩት።»

«ስምህ ማን ነው?»

«ሊስተን።»

«አይቀየር፣ ጥሩ ስም ነው» አለች።

«ኤሊ ይሁን» አለ ግሬም። «ውኃ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ዳር ላይ ቢራ ይኖራል። አለቀ፣ እንሂድ።»

«አንተ አምና ኤሊ አይተሃል። አንዱን እንዲያውም ረግጠኸዋል።»

«ድንጋይ መስሎኝ ነዋ!»

«እሱም ሰው አልመሰልከውም መሰለኝ፣ እንዴት እንደሸሸ።»

ሊስተን ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። የወንዙ ሹፌር ዝምተኛ ነው፤ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን የእንሽላሊት ሥዕል በጣቱ ነካ አድርጎ «በጀልባ ነው፤ መራመድ የለም» ብቻ አለ።

የግሬም ዓይን በራ። «መቀመጥ ነው?»

«መቀመጥ ነው።»

«ዶሪን! መቀመጥ ብቻ ነው!»

«ለመቀመጥ ከሆነ መርከቡ ላይስ ማን ከለከለህ?» አለችና እኔ ፊት መጥታ ቆመች። ከስሜ ትይዩ ያለውን ባዶ ቦታ አየች። የሌሎቹን ሦስቱን አየች፤ ሲሰሩ፣ ሲሰሩ፣ ሲሰሩ ይላል። «እርስዎስ? ሲሰሩን ያሳዩኛል?»

ቬርላ ጠመኔዋን በጣቶቿ መሃል ማሽከርከር አቆመች። አዎ ማለት ነበረብኝ። አዎ ብል ትመጣለች፤ ካልመጣች ደግሞ ዛሬ የሚሄድልኝ ሰው የለም፣ ነገም ያው የባሕር ዳርቻው ነው።

«ወደሚኖርበት እወስድዎታለሁ» አልኩ። «ይታይ አይታይ የሱ ጉዳይ ነው። እሱ ጠዋት ማልዶና ማታ ነው የሚወጣው፤ መርከብ የሚመጣው ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ነው። በዚህ ሰዓት ቅጠል ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል።»

«ይኸው! ቅጠል!» አለ ሊስተን።

ዶሪን ወደ ወንድሟ ዞረች። «በሦስት ደሴት ሦስት ሰው ወፍ አሳይሻለሁ ብሎ ማለልኝ። አንዱ በእናቱ ነው የማለው። ያየሁት እርግብ ነው። ያልማለ ሰው ዛሬ ገና አገኘሁ፤ ከሱ ጋር ነው የምሄደው።»

«ስለዚህ አላሳይም ያለሽን ሰው መረጥሽ?»

«አዎ።»

ግሬም ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አራገበና ወደኔ ዞረ። «መኪናህ ማቀዝቀዣ አለው?»

«ሲፈልግ ይሠራል።»

«ይኸውልሽ! ስለ መኪናውም አይምልም!» ብሎ ገባ።

በባሕሩ ዳር ወደ ሰሜን ነዳሁ። ማቀዝቀዣው አልፈለገም። ሴንት ጆሴፍ ስንደርስ ግሬም አንድ ቢራ ካልጠጣሁ እሞታለሁ አለ፤ ቆምኩለት፤ ሁለት ጠጣ። ለሞት ማስታገሻ አንድ አይበቃም አለ። ዶሪን ሰዓቷን እያየች መኪና ውስጥ ጠበቀች። እኔም የሷን ያህል ሰዓት አይ ነበር፤ ምክንያታችን ግን ለየቅል ነው። ጫካው አፍ ስንደርስ አምስት ሰዓት ሆኗል፤ ወፍ የሚተኛበት ሰዓት። ግሬም ዙሪያውን አየና ዛፎቹ ጥሩ ናቸው አለ፤ የመኪናውን በር ከፍቶ፣ እግሩን አውጥቶ፣ እንቅልፉን ለጠጠ።

ከዶሪን ጋር ገባን። መንገዱ ረዥም አይደለም። ጥላ ነው፣ ግን ንፋስ የለውም፤ ሰው እዚያ ውስጥ እንደ ሙቅ ፎጣ ይጨመቃል። ሸለቆው ወለል ብሎ የሚታይበት ቦታ ላይ የእንጨት አግዳሚ አለ፤ እዚያ ተቀመጥን። ብዙ የማታወራ ሴት ናት፤ ያ ተመችቶኛል። እንግዳ ብዙውን ጊዜ ያወራል፣ ወፉ ይሸሻል፣ ከዚያ ወፍ የለም ብሎ ይከሰኛል።

አንድ ሰዓት ያህል ከቆየን በኋላ ሁለት ጃኮ እየጮኹ መጡ። ከፊታችን ካለው፣ ጎሚዬ ከሚባለው ትልቅ ዛፍ ላይ አረፉ፤ አሥር እርምጃ አይርቅም። አንዱ ፍሬ በእግሩ ይዞ ይገነጥል ጀመር። ዶሪን መነጽሯን አነሳች።

«እሱ ነው?» አለችኝ፣ በሹክሹክታ።

ሌላ ሰው አልነበረም። ግሬም ተኝቷል። የሚያስፈልገው ራሴን ወደ ታች መነቅነቅ ብቻ ነበር። እሷ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፣ ቬርላ ሰሌዳዋ ላይ ትጽፋለች፣ ሁለቱም ይተኛሉ፣ እኔም እተኛለሁ።

እኔ አምስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ነፃ በወጣንበት ዓመት መምህር ሴራፊን አዲሱን ባንዲራ ክፍል ውስጥ ዘርግቶ ይህ ወፍ ማን ነው አለ። እኔ ከዱብላንክ ነኝ፣ ከዚሁ ከጫካው ግርጌ። በዚያን ጊዜ ክልክል ስላልነበረ አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተኮሰ ለድስት የሚያመጣው ወፍ ጃኮ ነው። ጃኮ አልኩ። መምህሩ አግዳሚ ላይ አቆመኝ፤ «ይህ ልጅ ጫካ ተወልዶ የአገሩን ወፍ አያውቅም፤ ሳቁበት» አለ። ሳቁበት ብሎ አዘዛቸው። እስኪደወል ድረስ ቆምኩ። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት የሄድኩት ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ሴራፊን ሞቷል፤ ቀብሩ አልሄድኩም። ሁለቱን ወፎች ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በጨለማም ብትሰጠኝ እለያቸዋለሁ።

«ጃኮ ነው» አልኳት። «ጉሮሮውን ይዩት፣ ቀይ ነው። ሲሰሩ የዚህን እጥፍ ያክላል።»

በመነጽሯ ጉሮሮውን ፈለገች። ከዚያ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። «ቆንጆ ነው» አለች።

«ሌባ ነው። የብርቱካን ዘር አያስተርፍም።»

«ሌባ ቆንጆ አይሆንም?»

«እኔ የማውቃቸው አልሆኑም» አልኩ።

እስከ ስምንት ሰዓት ተቀመጥን። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሸለቆው ማዶ፣ ወፈር ያለ ድምፅ መጣ፤ ተጎትቶ የሚያልቅ። ክንዷን ያዝኩ። «እሱ ነው» አልኩ። ሁለታችንም አፋችንን ከፍተን አዳመጥን። አልደገመም። መነጽሩን ግራ ቀኝ አዞረች፤ ቅጠል ነው፣ ከቅጠል በላይ ቅጠል።

«መስማት ይቆጠራል?» አለችኝ።

«በደብተርዎ እንደ ፈቀዱ። እኛ ዘንድ አይቆጠርም።»

መርከቡ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ስለዚህ ተነሳን። ግሬም ግማሽ ፊቱ የመቀመጫውን ስፌት ይዞ ነቃ። «እህስ፣ ወፉ መጣ?» አለ። ዶሪን «ያጎቱ ልጅ መጥቶ ነበር» አለችው።

መንገድ ላይ ስልኬ ጠራ። መሪው አጠገብ ተሰክቶ ድምፁን ለመኪናው ሁሉ የሚያሰማ ነው። ቬርላ ናት።

«ኦክታቭ፣ የት ደረስክ? አየህ ወይስ አላየህም? የነገውን የባሕር ዳርቻ ዝርዝር እየጻፍኩ ነው። ስምህን ላግባው?»

«እየነዳሁ ነው» ብዬ ዘጋሁት።

«የባሕር ዳርቻ ዝርዝር ምንድን ነው?» አለ ግሬም።

«ሥራ ነው።»

«አነጋገሯ የቅጣት ይመስላል።»

«ሥራ ነው አልኩህ።»

«ወፍ ካላየህ ከጫካው ያወጡሃል፤ እንደዚያ ነው?»

መንገዱን አየሁ። ከዚያ በኋላ ሳይጨቃጨቁ ሲንሾካሾኩ በመስታወት አየኋቸው። ቀኑን ሙሉ ያላደረጉት ነገር ነው፤ ደስ አላለኝም።

ወደቡ ስንደርስ ሹፌሮቹ ሁሉ ተመልሰው ዛፉ ሥር ነበሩ። ሊስተን ኤሊውን አስጽፏል፤ ሦስት አሉ። የወንዙ ሰው እንሽላሊት አስጽፏል። የቀሩት የጫካ ሹፌሮች ሲሰሩአቸውን አስጽፈዋል። ቬርላ ጠመኔዋን ይዛ ስሜ ትይዩ ቆማለች። እኔ ከመኪናው ሳልወርድ ዶሪን ቀደመችኝ።

«አየነው!» አለች። ድምፅዋ ያን ያህል ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። «ሲሰሩን አየነው! ሁለት!»

ግሬም ከኋላዋ ደረሰ። «አንዱማ በአናቴ ላይ ነው ያለፈው። እንደ ንስር ነው። ቀይ!»

«ወይን ጠጅ» አለች ዶሪን እግሩን እየረገጠች።

«ወይን ጠጅ! ፀሐዩ ነው ቀይ ያስመሰለው።»

ሊስተን እጁን አጨበጨበ። «እሰይ! የቅጠል ጌታ ዛሬ ወፍ አወጣ!» ሌሎቹም ሳቁ፤ ግን በክፋት አልነበረም። ማንም አላመነም፤ ማንም አልተጨነቀም። ሁሉም የሚያደርገውን እኔም ማድረጌ ነው፤ በቃ፣ ከነሱ ጋር ሆንኩ።

ቬርላ ግን በተለይ በማኅበሩ ሕግ አትቀልድም። «እመቤቴ፣ ደስ ብሎኛል» አለች ለዶሪን። «እኔ የምጽፈው ግን ሹፌሩ ሲናገር ነው።» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ኦክታቭ፣ ምን አየህ?»

ጠመኔው ሰሌዳው ላይ አርፏል። ፊቷ ላይ ክፋት አልነበረም፤ ይህንን ልደብቅ አልችልም። መጻፍ ፈልጋ ነበር። ዶሪን በዓይኗ በሉ እንጂ ትለኛለች።

«በል እንጂ ወንድሜ፣ መርከቡ ሊሄድ ነው» አለ ሊስተን።

አዎ ብል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆምኩበትን ቦታ የሰጠችኝ ለአንድ ቀን ከመርከብ የወረደች ሴት ናት፣ ያውም በውሸት። የለም ብል፣ በዚያ ዕድሜዋ በሹፌር ሁሉ ፊት ውሸታም ትባላለች፤ ያንን ለጠላቴም አልመኝም፣ ምናልባት ለሊስተን ካልሆነ በቀር። ማንም እንድትዋሽልኝ አልለመናትም። ያዘነችልኝ መሰላት።

«ኦክታቭ፣ እየጠየቅሁህ ነው። አየህ?»

የመኪናውን ቁልፍ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩና ወረድኩ። ለዶሪን ባርኔጣዬን ነካሁላት፤ ሰላም ያለችኝ እሷ ናት። በቬርላና ከስሜ ትይዩ ባዶ በቀረው ሰሌዳ መሃል አልፌ ወደ ገበያው በኩል መራመድ ጀመርኩ። ከኋላዬ ግሬም «ምን ሆኖ ነው?» ሲል ሰማሁት። ቬርላ ሁለት ጊዜ ስሜን ጠራች። ሦስተኛውን ስትጠራ ድንጋዩን ጨርሼ አስፋልቱን ይዣለሁ። አልዞርኩም።